አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ጆሮ

ከፋጢማ ሱቅ ኤርፎን የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ያው አንድ ነገር ነው፤ «ቤዝ አለው?» የጂንካ ባጃጅ ነጂም ይህንኑ ይላል፣ ለገበያ ከወይጦ የመጣ ነጋዴም ይህንኑ ይላል፤ ወፍራሙን ድምፅ ማለታቸው ነው። ፋጢማ ያን ጊዜ በአገጯ ወደ እኔ ትጠቁማለች።

«ጋሼን ጠይቋቸው። እኔ ሻጭ ነኝ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ነው የምለው።»

የእኔ ልብስ ስፌትና የፋጢማ የስልክ ዕቃ ሱቅ አንድ በረንዳ ላይ ናቸው። ስለ ድምፅ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሥራዬ እጅና ዓይን እንጂ ጆሮ ስለማይፈልግ፣ ጆሮዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያዳምጥ ኖረ፤ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ካሴት፣ አሁን ስልክ። የተማርኩትም ጥቂት ነው። ርካሽ ኤርፎን ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ብዙው ጉረኛ ነው። ከበሮውን ያሳብጠውና ዘማሪውን ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን አስተካክላለሁ፤ ጎማው የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋ ጥሩውም ኤርፎን ቆርቆሮ ይሆናል። ቀጥዬ ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ። ሲጮህማ ሁሉም ያወራል፤ ዝቅ ሲል ቃሉ የማይጠፋበት ነው ጨዋው። ከዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ እከፍታለሁ። «ሰ» እና «ጸ» በመጡ ቁጥር እንደ መርፌ ከወጉኝ፣ ያን ኤርፎን ለጠላቴም አልመክረው።

«ጠላት አለዎት እንዴ ጋሼ?» ትለኛለች ፋጢማ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ለማን ልሽጠው?»

የመጨረሻው ፈተናዬ የእኛው የመዘምራን ካሴት ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ እኔ ከመዘምራኑ ሁሉ ታናሽ ሳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የተቀዳ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ማይክ ያለው ትልቅ ቴፕ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን ፊት ለፊቱ ቆምን፤ እንደ ደንባችን ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው ወገን። አውሮፕላን ማረፊያው ያኔ ገና ከተማው መሃል ነበር። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ደርሰን ሳለ አውሮፕላን መጣ። ሰዎች ላሞቹን ከሜዳው ሲያባርሩ ድምፃቸው ይሰማል። መሪያችን «እንዳታቆሙ» ብሎ በእጁ አዘዘን፤ ዘመርን፤ አውሮፕላኑም በጣራችን ላይ አልፎ አረፈ። ሁሉም ተቀድቷል። ጥሩ ኤርፎን ላይ አውሮፕላኑ በግራ ጆሮ ይገባል፣ ጭንቅላትን አቋርጦ ይሄዳል፣ በቀኝ ጆሮ ያርፋል። መጥፎው ላይ እንደ ወፍጮ አንድ ቦታ ቆሞ ያጓራል።

በዚያ ካሴት ከሁሉም ድምፅ ሥር፣ እንደ ቤት መሠረት፣ ሣህሌ አለ። ሣህሌ ከጎፋ የመጣ ግንበኛ ነበር። አጠገቡ ስለምቆም ሲዘምር ትከሻዬ ድረስ ይነዝረኝ ነበር። ባለፈው ክረምት አረፈ።

ባለቤቱ እትዬ አስካል አንድ ቀን ጠዋት ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ስፌት ቤቴ ገባች። የቤታቸው ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል። ገዘር ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ሀሌሉያ ካሴቱን ሚሞሪ ላይ አስገልብጣ ስልኩ ውስጥ ከታላት ነበር።

«ሩፋኤል፣ ይሄ ስልክ ሣህሌን አጠፋብኝ» አለችኝ።

ከፈተችው። የሴቶቹ ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ወጣ፣ አውሮፕላኑ ትንኝ ሆነ፤ ሣህሌ ጭራሽ የለም።

«የስልክ ስፒከር ወፍራም ድምፅ አይችልም፣ እትዬ። ኤርፎን ነው የሚያስፈልግዎት።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ምረጥልኝ።» ስልኩን ዘጋችው። «ፎቶው አለኝ፤ ግን ፎቶው አፉ ዝግ ነው። ድምፁ እየጠፋኝ ነው፣ ሩፋኤል። እሱን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የዕድራችን ዳኛ ድምፅ ይመጣብኛል።»

«የዳኛውማ ድምፅ ከባድ ነው» አለች ፋጢማ ከደጅ።

እትዬ አስካል ሳቀች፤ ሳቁ ግን ፊቷ ላይ ብዙ አልቆየም።

ያን ቀን ፋጢማ መሳቢያዋን ሙሉ አወጣችልኝ። ከመጀመሬ በፊት በልቤ ትንሽ ጸለይኩ። ለኤርፎን ይጸለያል ወይ የሚል ቢኖር፣ የጸለይኩት ለሴትየዋ ነው። አንዱ ከበሮውን አሳበጠ፣ አንዱ «ሰ»ውን አፏጨ፣ አንዱ መዘምራኑን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ጨምሮ አሰረ። በመጨረሻ ስም እንኳ የሌለው ጥቁር ኤርፎን ተገኘ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሰማሁት። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተለዩ። ሣህሌ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ሳይቀር ሰማሁ። አውሮፕላኑም መጣ፣ አለፈ፣ አረፈ።

«ይሄ ነው» አልኳት ፋጢማን።

«እሱን እኮ ማንም አይገዛውም፤ ቤዝ የለውም ይላሉ።»

በማግስቱ እትዬ አስካል መጣች። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት፣ የሚስማማትን ጎማ መረጥኩ፣ የግራውን በግራ የቀኙን በቀኝ አድርጌ ከፈትኩላት። ፊቷ ወዲያው ፈካ።

«ይሄ የኔ ድምፅ ነው? ልጅ ነበርኩ እኮ።» ጥቂት አዳመጠች። «ሣህሌስ?»

«ከታች ነው እትዬ። ይጠብቁት።»

ጠበቀችው። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ሲቆጥሩ አያለሁ፤ መዝሙሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

«ከግድግዳ ማዶ ያለ ሰው ይመስላል» አለችኝ። «ሩቅ ነው። አውሮፕላኑም መጣ መጣና ሳያርፍ ጠፋ።»

ኤርፎኑ ተበላሸ ብዬ ተቀብያት የራሴ ጆሮ ላይ አደረግኩት። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ሣህሌም እንደ ቋጥኝ ቆሟል። መልሼ ሰጠኋት፤ ለእሷ የለም። ሌላ ኤርፎን ሞከርን፤ የለም።

«ቤዝ ያለውን ይስጧቸው አላልኩም?» አለች ፋጢማ።

ቤዝ ያለውን ሰጠናት። ከበሮው እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ።

«ይሄም ጥሩ ነው» አለች እትዬ አስካል።

ልብሱ ያልተመቸው ደንበኛ እንዳይከፋኝ ብሎ «ጥሩ ነው» ሲለኝ ስለኖርኩ ያን አነጋገር አውቀዋለሁ። ኤርፎኑን ከጆሮዋ አውጥታ ገመዱን በቀስታ ጠቀለለችው።

«ተወው ሩፋኤል። ምናልባት ያን ቀን አልነበረም ይሆናል። ሥራ ላይ ውሎ ቀርቶ ይሆናል።»

«እትዬ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

«እንግዲህ እኔ አልሰማሁትም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «የምሰማው ራሴን ብቻ ነው። ራሴን ምን ላድርገው?»

ኤርፎን ብቀያይር፣ ድምፅ ብጨምር፣ ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ባሏን አንዴ ቀብራዋለች፤ አሁን ደግሞ ካሴቱ ላይም አልነበረም ወደማለት እየሄደች ነው፤ ያደረስኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ፋጢማ ሱቋን ትታ መጣችና ከእትዬ አስካል በስተቀኝ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ይሄ ሣህሌ የሚባል ሰው ምን ቢሆን ነው ይሄን ያህል የለፋንለት? እስቲ እኔም ልስማው» ብላ ጥቁሩን ኤርፎን አነሳች። በእኛ ከተማ አንድ ኤርፎን ለሁለት መስማት የተለመደ ነው፤ ባጃጅ ውስጥም ትምህርት ቤት አጥር ሥርም እንደዚያ ነው። የግራውን ለእትዬ አስካል ግራ ጆሮ አደረገችላት፣ የቀኙን ለራሷ ያዘች። እኔ ያው መዝሙር ከፈትኩ።

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ደረቴ ውስጥ ነው የሚዘምረው» አለች ፋጢማ ጮክ ብላ።

እትዬ አስካል ዞረችባት። «የቱ ሰውዬ?»

«ይሄ ወፍራሙ ነዋ።»

«ሴቶች ብቻ እኮ ናቸው።»

«እኔ ጋ ሴቶቹ ሩቅ ናቸው፣ እትዬ። እኔ ጋ ወንዶች ናቸው።»

ለካ ደንባችን ካሴቱ ላይም አለ። የወንዶቹ ወገን በቀኝ ማይክ፣ የሴቶቹ ወገን በግራ ማይክ ገብቷል። የቤታቸው ቴፕ ሲጫወት ሁለቱ ወገን ክፍሉ ውስጥ ይገናኝ ነበር፤ ኤርፎን ግን ለየብቻ ያደርሳል። ኤርፎን ግራና ቀኙን እንደሚለይማ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አውሮፕላኑን ከግራ ወደ ቀኝ እየሸኘሁ ስንት ኤርፎን ፈትኛለሁ። ያልገባኝ ሌላው ነው። ሁለቱም ጆሮዋ ላይ ሳለ ሣህሌ የት ሄደ?

የቀኙን ከፋጢማ ተቀብዬ ወደ እትዬ አስካል ቀኝ ጆሮ አቀረብኩት። እሷም ሳታስበው ጭንቅላቷን ዘወር አድርጋ ግራዋን ሰጠችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ ከአግዳሚው የቀኝ ጫፍ እንደምትቀመጥ ትዝ አለኝ፤ ሰው ሁሉ በግራዋ እንዲሆን። ልብስ ስለካላት በስተቀኝ ሆኜ ያወራሁት ሳይመለስልኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ሣህሌም ትዝ አለኝ። ከጸሎት ሲመለሱ ሁልጊዜ በግራዋ ነበር የሚሄደው። መንገድ ጠቦ ቢለያዩ እንኳ ከኋላዋ ዞሮ ያችኑ ቦታ ይይዛል። እኛ መዘምራኑ «ሣህሌ ቀኝ መሄድ አያውቅም» እያልን እንስቅበት ነበር። ይስቃል እንጂ አንድ ቀን መልስ አልሰጠንም።

በግራዋ በኩል ዞሬ ጎንበስ አልኩ። «እትዬ፣ ቀኙ ከመቼ ወዲህ ነው?»

መንገዱን አየች። ፋጢማ የኤርፎኑን ባዶ ካርቶን በሻሿ ጫፍ መወልወል ጀመረች።

«ሀሌሉያን ወልጄ ትኩሳት ከያዘኝ ወዲህ» አለች እትዬ አስካል። «ከመዘምራን ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ሣህሌን ለሰው አትናገር አልኩት፤ አልተናገረም።»

«እኛም አንናገርም» አለች ፋጢማ ከካርቶኑ ላይ ቀና ሳትል።

የግራውን ከጆሮዋ አወጣሁ። የቀኙ ቅርጹ ለቀኝ ጆሮ ስለተሠራ ግራ ላይ አልቀመጥ አለ፤ አነስ ያለ ጎማ ቀየርኩለት፣ አዙሬ አስገባሁት፣ ትንሽ ዘመም ብሎ ያዘ። መዝሙሩን ከመጀመሪያው ከፈትኩ።

ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ መቁጠር ጀመሩ። ከዚያ እጇን አንስታ ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

«አየር ይስባል» አለች። «ሊጀምር ሲል አየር ይስባል። እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፣ ድንጋይ ሊያነሳም ሲል።»

ደንበኛ መጥቶ ቆመ፤ ፋጢማ በእጇ እንዲጠብቅ ነገረችው። የግራው ኤርፎን በእትዬ አስካል ደረት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሴቶቹ እዚያ በቀጭኑ ይዘምራሉ።

«አረፈ» አለች እትዬ አስካል። አውሮፕላኑን ነበር።

እዚያው ሳለን የእናቷን ጆሮ ነገር ሳናነሳ ለሀሌሉያ ደወልንላት። የስልኩን ሴቲንግ በማስተካከል ሁለቱንም ወገን በአንድ ጆሮ ማሰማት እንደሚቻል፣ ቅዳሜ በሚኒባስ ስትመጣ እንደምትሠራላት ነገረችን። ለእናቷ አስረዳኋት።

«አይሆንም» አለች። «እሱ ባለበት ይሁን። ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ።»

ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ደንበኛ ወጣት ባጃጅ ነጂ ነው። ወደ ጥቁሩ ኤርፎን እያየ ፋጢማን «ይሄ ቤዝ አለው?» አላት።

«ቤዝ ምንድን ነው?» አለች እትዬ አስካል።

«ሣህሌ ነው፣ እትዬ» አለቻት ፋጢማ።

እትዬ አስካል በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ይህኛው ሳቅ ቆየ። ከዚያ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ኤርፎኑን ከጆሮዋ ሳታወጣ፣ ምስጋናዋን በምርቃት አዝንባብን ወጣች።

ከበረንዳው ሆኜ እስክትርቅ አየኋት። በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ጎን ባለው መንገድ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ በስተግራዋ አንድ ሰው የሚያስኬድ ቦታ ትታ።