ብቻዬን ነው የጀመርኩት

"ለዚህ ያበቃሽ ማን ነው? ማን ረዳሽ?" አለች አሠልጣኟ ማይክሮፎኑን እያቀበለቻት።

ቦርሳ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። የራሳቸውን ሥራ ሊጀምሩ ያሰቡ ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

"ማንም!" አለች። "በአንዲት የስፌት መኪና ብቻዬን ነው የጀመርኩት። ዛሬ ዘጠኝ ሠራተኞች አሉኝ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሁሉም አብልጣ የምታጨበጭበው መሐል ላይ የተቀመጠችው የባሏ ታላቅ እህት ነበረች። የቦርሳ ሰፊዋን መንትያ ልጆች ከአራስ ቤት ጀምሮ አቅፋ ያሳደገችው፣ እሷ ደንበኛ ፍለጋ ስትባዝን ያበላችው፣ ያጠበችው፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችው ይህች ሴት ናት። ልጆቹ ሸለብ ሲያደርጋቸው ደግሞ ቁጭ ብላ የቦርሳ ማንገቻ ትሰፋ ነበር። ዛሬም የመጣችው "ስትናገሪ ልይሽ" ብላ ነው።

የቦርሳ ሰፊዋ ፊት ጋለ። ልታርም አፏን ስትከፍት አሠልጣኟ ማይክሮፎኑን ተቀብላ ዕረፍት መሆኑን ተናገረች።

ኮሪደሩ ላይ ከባሏ እህት ጋር ተገናኙ።

"አፌ ቁርጥ ይበልልሽ! እንዴት አሳምረሽ ተናገርሽው!"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ተይው እንጂ። ሰው ፊት ስንቱ ይነገራል?" አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከጎናቸው ልጅ ያዘለች ሴት የምዝገባ ፎርሟን ሳትሞላ ለአሠልጣኟ ትመልሳለች።

"ምነው?"

"እኔ ይሄን የሚይዝልኝ ሰው ካላገኘሁ ስንዝር አልራመድም። እሷ ግን ብቻዋን ተወጣችው። ለካ ስንፍናዬ ኖሯል።"

ቦርሳ ሰፊዋ ፎርሙን ከአሠልጣኟ እጅ ወሰደችው።

"ዋሽቼ ነው" አለች። "እትዬ ባትኖር አንድ ቦርሳ አልሰፋም ነበር።"

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ" አለችና ልጅ ወዳዘለችው ሴት ዞረች። "አንቺም እህቴ፣ ልጁን አምጪውና ፎርምሽን ሙዪ።"

ሕፃኑ ገና ክንዷ ላይ እንደ ዐረፈ እሪ አለ። አገላበጠችው፣ እሹሩሩ አለችው፣ ባሰበት። የገዛ ልጆቿን እንኳ በቅጡ አባብላ እንደማታውቅ ሁሉም ያየባት መሰላት።

እትዬ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። "ወዲህ በይው።"

"ግዴለም፣ ዛሬስ እኔው ልያዘው" አለች ቦርሳ ሰፊዋ። የሚጮኸውን ልጅ እንዳቀፈች ወደ አዳራሹ ተመልሳ ማይክሮፎኑን አነሣች።