ለእንግዳ የታጠበ ቆሻሻ

ምዕራፍ ስድስትን ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ርዕሱ «የአየር ንብረት ለውጥና የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ይላል። መጨረሻው ላይ የቡድን ሥራ አለ፦ በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ችግር ለዩ፣ ምክንያቱን አጥኑ፣ መፍትሔ ስጡ። ስምንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ መፍትሔውን ካርቶን ላይ በሦስት ቀለም እየጻፉ ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ፣ እኔም ነጥብ ስሰጥ፣ ማንም ሳይጎዳ በሰላም ኖረናል። በእኛ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ምድር እስካሁን ቀዝቅዛ ብርድ ልብስ በጠየቀች ነበር።

ዘንድሮ የልብስ ሰፊዋ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መፍትሔ ስጡ ሲል ጻፉ ነው ወይስ ሥሩ?»

ኋላ ወንበር ያሉት ሳቁ። እኔን ደግሞ ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጀግና ጀግና ብሎኝ ነበርና «ሥሩ እንጂ! ማንንም አትጠብቁ!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ልጅቷ እንዲያው ለወሬ አልጠየቀችም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለው ቦይ ከላይኛው ሰፈር የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ፣ በሱቆቹ ፊት አልፎ፣ በአንድ ድልድይ ሥር አድርጎ ወንዝ ይገባል፤ መግባት ከቻለ። ከተደፈነ ውኃው መንገዱን ይዞ መጨረሻ ላይ ወዳለችው ዝቅ ያለች ክፍል ይሄዳል። እሷም የእናቷ የልብስ ስፌት ቤት ናት። አምና ጎርፍ ገብቶ የሰው ጨርቅ ስላበላሸባት ደንበኞቿ በግማሽ ሸሽተዋታል። ዘንድሮ ከደገማት ቤቱን ዘግታ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ እንደሌላት ልጅቷ ለክፍሉ በሙሉ ተናገረች፤ «ምክንያቱን አጥኑ» በሚለው ሥር ማለት ነው።

ረቡዕና ሐሙስ ከሰዓት አርባ ሁለት ልጆች ቦዩ ውስጥ ገቡ። አካፋ ከየቤታቸው አመጡ። ፌስታሉን፣ ጠርሙሱን፣ ነጠላ ጫማውን፣ አንድ ሙሉ ፍራሽ ሳይቀር እየጎተቱ አወጡት። ሠላሳ ስምንት ጆንያ ሞልተው፣ የቆሻሻ መኪና እስኪመጣ ድረስ ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ጀርባ ደረደሩት። እኔም ዳር ቆሜ «በርቱ! ጎበዞች!» እያልኩ ከሁሉም በላይ ደከመኝ።

አርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ተማሪዎቹ «አቶ መድረክ» ይሏቸዋል፤ ማይክሮፎን ካዩ እጃቸውን ይበላቸዋል።

«ቦዩን ማን አስጸዳው?»

«ምዕራፍ ስድስት» አልኩ።

«አትቀልድብኝ! ነገ የበላይ ኃላፊው መጥተው የቦይ ጽዳት ዘመቻውን በይፋ ይከፍታሉ። ካሜራ አለ፣ ባነር ታትሟል። ሰውዬው ምን ሊያጸዱ ነው? አየር?»

«ተማሪዎቹ ቀድመው አጸዱት እንበላቸዋ። ደስ ይላቸዋል።»

«ሳይከፈት ያለቀ ዘመቻ የት አይተሃል? ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ? ‹ተጠናቀቀ፣ ከዚያም ተጀመረ›?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትንሽ ብቻ መልሱበት። ለካሜራ የምትሆን። ነገ ከሰዓት ልጆቹ መልሰው ያወጡታል።»

የትምህርት ክፍል ኃላፊ የምሆንበት ደብዳቤ ፊርማቸውን እየጠበቀ ጠረጴዛቸው ላይ መቀመጡን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስለ ደብዳቤው ማንም አላነሳም።

ይህንኑ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ብቻ «ቲቸር፣ ቢዘንብስ?» አለች። «ለአንድ ቀን ነው፣ አይዘንብም» አልኳት፤ ስለ አየር ንብረት የማስተምረው እኔ ነኛ። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ።

ሥራው ለእኔና ለዘበኛው ቀረ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ፈታና ቆም አለ። «መምህር፣ እኔ የተቀጠርኩት እዚህ ቆሻሻ የሚጥለውን እንድይዝ ነበር» አለኝ። «አሁን ማንን ልያዝ?»

ዳይሬክተሩ አጥሩን ተደግፈው፣ ጨው እንደሚቀምስ ሰው «እዚህ ጋ ሳሳ ብሏል፣ ትንሽ ጨምሩበት» ይሉናል። በአምስት ጆንያ የተጀመረው፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሃያ ደረሰ። ከዚያ ደግሞ የእንግዳው እጅ አሳሰባቸው። እንግዳው የሚያነሷቸው ጠርሙሶች ለብቻ ተመርጠው ይታጠቡ ተባለ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ በሳሙና አጥቤ፣ ክዳናቸውን ገጥሜ፣ ከላይ ከላይ ደረደርኳቸው። ሁለት ዲግሪ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ስም ስለሚጠራ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ተሰልፈዋል። እንግዳው ሦስት ሰዓት ተብለው አምስት ሰዓት ተኩል መጡ። ደመናው ግን ሰዓቱን አክብሮ ነበር። እንግዳው ድንኳኑ ሥር ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው «የአየር ንብረት ለውጥ ነገ የሚመጣ ሳይሆን…» ሲሉ ጠብታው ድንኳኑን መታው፤ ጭብጨባ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ሰማዩ ተቀደደ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንግዳው መኪናቸው ውስጥ ነበሩ፤ ባነሩ ከነመፈክሩ ጭቃ ላይ ተኝቷል። አንድ ጠርሙስ እንኳ አልተነሳም። የመለስነው ሁሉ ከውኃው ጋር ተግተልትሎ ሄዶ የድልድዩን ሥር ወተፈው፤ ቦዩም ገንፍሎ መንገዱን ያዘ።

ልጅቷ ከሰልፉ ወጥታ ስትሮጥ አየኋት። እኔም ተከትያት ሮጥኩ። ስንደርስ ውኃው የስፌት ማሽኑን መርገጫ አልፎ፣ የማሽኑን ሞተር ውጦታል። እናቷ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ የትምህርት ቤታችንን ዩኒፎርም ጨርቅ እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ባልዲ አንስቼ ውኃውን መቅዳት ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቀዳሁ።

«ኧረ መምህር፣ እርስዎ እንኳ ደረሱልኝ!» አለችኝ እናትየው። «እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ሁሌ የምታነሳው እርስዎን ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ባልዲዋን ሞልታ ወጣች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ስፌት ቤቱ ተዘጋ። የዳይሬክተሩ ሪፖርት «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ ባስከተለው የቆሻሻ አጣጣል ምክንያት ጎርፍ ቢከሰትም፣ ዘመቻው በስኬት ተከፍቷል» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔም ፈረምኩበት። ደብዳቤዬም ተፈረመ።

የማጠቃለያ ፈተናው ከበላይ ቢሮ ተዘጋጅቶ መጣ፤ ከነመልሱ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ «በሰፈሮች ለሚደርስ ጎርፍ ዋነኛው ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል። መልሱ «ለ» ነው፦ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ። ላርም ስቀመጥ ከሁሉ በፊት የልብስ ሰፊዋን ልጅ ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። ስድብ ጽፋልኝ ይሆናል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ተመኝቼም ነበር።

«ለ» ን በንጹሕ ክብ አክብባዋለች። ሌሎቹንም አየሁ። በእጃቸው ቦይ የጠረጉት አርባ ሁለቱም ልጆች «ለ» ብለዋል። ዳይሬክተሩ ውጤቱን ሲያዩ «ክፍሉ በሙሉ! ማስተማር ማለት ይሄ ነው!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ወረቀቱን የመለስኩ ዕለት፣ ሁሉም ሲወጡ ልጅቷን አስቀረኋት።

«አንቺ እንኳ ‹ለ› ትያለሽ?» አልኳት። «በዓይንሽ አይተሽ?»

ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ።

«ነጥብ የሚያሰጠው እሱ ነዋ፣ ቲቸር» አለች። «ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?»