ተርባይንና የሁዳዴ ዓሣ

እኔ ድመት ስጡኝ ብዬ ማንንም አልለመንኩም፤ ይህ ከሁሉ በፊት ይታወቅልኝ። ነገሩን ያመጣችው ልጄ ወሰን ናት። ጉባ፣ ግድቡ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሲዛወር ድመቷን የሚረከብለት ሰው አጣ። እሷም “አባቴ ብቻውን ነው” ብላ ተቀበለችና በካርቶን አድርጋ ወደ አሶሳ ላከችልኝ። ድመቷ ደስ ሲላት ጉሮሮዋ እንደ ሞተር ስለሚያጉረመርም እዚያው ግድቡ ላይ ስም ወጥቶላታል፤ ተርባይን።

ከተርባይን ጋር አንድ ከረጢት ደረቅ የድመት ምግብ፣ ስድስት ጣሳ እርጥብ ምግብና በወሰን እጅ የተጻፈ ወረቀት መጣ። “ጠዋት ደረቁን፣ ማታ እርጥቡን ስጣት። ሁለት ቀን ካልበላች ደውልልኝ፤ ባምባሲ ያለች ጓደኛዬ ትወስዳታለች።” በቃ ይኸው ነው። ለእኔ ጤንነት እንኳ እንዲህ ያለ ወረቀት ተጽፎ አያውቅም።

ችግሩ ቀኑ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ፤ ድመቷ ደግሞ ልክ በዚያው ሳምንት ደረሰች። የመጀመሪያውን ጣሳ ስከፍት የሥጋ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔ ዋኘው፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በወጣትነቴ ከወሎ በሠፈራ መጥቼ እዚህ ስኖር፣ በሁዳዴ ቤቴ የሥጋ ሽታ ገብቶበት አያውቅም። ባለቤቴ የሺሀረግ በሕይወት ሳለች አልገባም፣ እሷ ካረፈች ወዲህም በነዚህ ሁለት ዓመታት አልገባም። ስለዚህ ስድስቱንም ጣሳ አወጣሁና ለሠፈሩ ውሾች አከፋፈልኩ። ውሾቹ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያዩኝ ጭራቸውን ይቆላሉ።

ደረቁን ግን አስቀረሁት። ሽታ የለውም፤ ሲያዩት የሽንብራ ቆሎ ይመስላል። ቆሎ ደግሞ የጾም ነው። እርጥብና ደረቅ ከሚባለው መካከል የመረጥኩት እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ተርባይን ሳህኑን አሸተተች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በእግሯ መሬቱን ትጭር ጀመር፤ ቆሻሻ እንደምትቀብር። ተናደድኩ። በማግሥቱ ደረቁን በውሃ አራስኩላት። ጭቃ ሆነ፤ እሱንም ቀበረችው። ከምሳዬ ሽሮ የነካ እንጀራ ቆርሼ ብሰጣት ጀርባዋን አዙራ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይባላል፤ ይቺማ ለመመንኮስም ፈቃደኛ አልነበረችም።

ሁለተኛው ቀን ሲሞላ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። እውነቱን ልናገር፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ተርባይን በረንዳዬ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን ባለው የየሺሀረግ ወንበር ላይ መተኛት ጀምራ ነበር። ያ ወንበር ሰው አይቀመጥበትም፤ ደንበኞቼም ያውቃሉ። እሷ ግን ማንንም ሳትጠይቅ ወጣችበት፤ እኔም አላስነሳኋትም። ጨርቅ ስቆርጥ አነጋግራታለሁ፤ ስለ ክር፣ ስለ ሙቀቱ፣ እጅጌው ጠበበኝ ስለሚሉ ሰዎች። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪና በቀር የሚያጉረመርም ነገር ቤቴ አልነበረም። ብቸኝነት መርሮኝ ኖሯል። ለባምባሲዋ ሴት ልሰጣት አልፈለግሁም።

ወሰን ስትደውል “ትበላለች?” አለችኝ።

“ትበላለች እንጂ።”

“ደረቁን ነው እርጥቡን?”

“ሁለቱንም” አልኩ። በጾም ውሸት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ደግነቱ ተርባይን አልከሳችም። እንዲያውም ወፈረች። አመሻሽ ላይ፣ ልክ አዛን ሲባል፣ ከወንበሯ ትወርድና ትጠፋለች። ትንሽ ቆይታ አፏን እየላሰች ትመለሳለች። አይጥ እያደነች ነው ብዬ ኮራሁባት። በአራተኛው ቀን ግን ተከተልኳት። የማንጎውን ዛፍ ዞራ፣ በቀርከሃው አጥር ሾልካ፣ ጎረቤቴ ኢቲዳል ግቢ ገባች።

ኢቲዳል ገበያ ላይ ደረቅ ባሚያና ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። ዓሣው ከዓባይ ይመጣል፤ ተሰንጥቆ በፀሐይ የደረቀ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ። እሷ ጠዋት ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ለማፍጠሪያ ሲደርስ ለስልሶ ወጥ ይሆናል። ስደርስ እሷና ባሏ ዓብዱልላጢፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጾም ይፈታሉ፤ የእኔ ተርባይን መካከላቸው ሆና የለሰለሰ የዓሣ ጭንቅላት ታጣጥማለች። ጉሮሮዋ እስከ አጥሩ ድረስ ይሰማል። ሆድ ካገር ይሰፋል ማለት ይኸው ነው።

ቅናት እንደያዘኝ አልደብቅም። ዓብዱልላጢፍ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ዓሣውን እንደማልነካ ስለሚያውቅ ተምርና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ አቀረበልኝ። ተምር በሁለታችንም ጾም ይበላል። ደረቁን እንዴት እንደናቀችብኝ፣ ጣሳዎቹንም ለውሻ እንደሰጠሁ ነገርኳቸው። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ኢቲዳል ሳቋን ስትጨርስ፣ በእነሱ አጠራር የወሰን አባት ብላ፣ እንዲህ አለችኝ፦

“አቡ ወሰን፣ ይሄ ድመት ክርስቲያን አይደለም፣ እስላም አይደለም። እሱ ጾም የለውም። ደረቅ ዓሣ ውሃ ውስጥ ታስገባለህ፣ ይበላል። በቃ።”

“ሴት ናት” አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረመዳን እስኪያልቅ ተርባይን በየምሽቱ እነሱ ዘንድ እያፈጠረች እኔ ዘንድ አደረች። እኔም አብሬያት እየሄድኩ ተምሬን በላሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው እውነት ነው። ደስ የሚል ወር ነበር።

ዒድ ሲደርስ ግን ኢቲዳልና ባሏ ለሳምንት ሆሞሻ፣ ቤተሰብ ዘንድ ሊሄዱ ተነሡ። ከመሄዷ በፊት በፌስታል የተቋጠረ ደረቅ ዓሣ ይዛ መጣች። አልተቀበልኳትም። ሁዳዴ ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ነበረው፤ “በሁዳዴ ዓሣ ቤቴ አይገባም” አልኳት። እሷም አልተከራከረችኝም። ፌስታሉን አጥሩ ላይ ሰቀለችና “እዚህ ነው” ብላ ሄደች።

ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ ኢቲዳል የመጀመሪያዋ አልነበረችም። አምና በሁዳዴ ወሰን ከግድቡ ሐይቅ ትልቅ ዓሣ ይዛ መጥታ በእናቷ መጥበሻ ትጠብስ ጀመር። ዓሣ የጾም ነው የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ካህናቱም ይከራከሩበታል። እኔ ግን አልተከራከርኩም። ይህንኑ ቃል ተናግሬ መጥበሻውን ከነዓሣው ከእሳቱ አንሥቼ ከበር ውጭ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ትደውላለች እንጂ አትመጣም። ሥራ በዛ ትላለች። ሥራ እንዳልሆነ እኔም እሷም እናውቃለን።

ኢቲዳል በሄደች በማግሥቱ ወሰን ደወለች። ቅዳሜ ለሥልጠና አሶሳ ትመጣለች፤ ድመቷን ለማየት ብቅ ትላለች። “ከስታ ካገኘኋት ይዣት ነው የምሄደው” አለች። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

ተርባይን ያን ቀን አዛን ሲባል አጥሩን ሾልካ ሄደች፤ ባዶ ግቢ አግኝታ ተመለሰች። በማግሥቱም እንደዚያው። ደረቁን አቀረብኩላት፤ ቀበረችው። ዓርብ ዕለት ከወንበሩ አልወረደችም፤ ጉሮሮዋም ዝም አለ። ስፌት ያዝኩ፤ ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ፌስታሉ እንደተሰቀለ ነው። አወረድኩት። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ማየቴን አልክድም፤ በስልሳ ዓመቴ የጎረቤት ማንጎ እንደሚሰርቅ ልጅ ሆንኩ። ዓሣውን በጎድጓዳ ሳህን ነክሬ በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር አስቀመጥኩት። ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ለሰለሰልኝ። ወንበሩ አጠገብ ተቀምጬ እሾሁን በጣቴ እየለቀምኩ ለተርባይን አጎረስኳት። መጀመሪያ አሸተተች፤ ከዚያ በላች፤ ከዚያ ያ የታወቀው ሞተር ተነሣ። በእውነት እንባዬ መጣ።

“አባዬ?”

ቀና ስል ወሰን በሩ ላይ ቆማለች፤ ሻንጣዋ በእጇ ነው። መጀመሪያ ድመቷን አየች፣ ቀጥሎ ሳህኑን፣ ቀጥሎ ጣቶቼን።

“ዓሣ ነው?”

“ለድመቷ ነው” አልኩ ቶሎ ብዬ።

“ለድመቷ” አለች። ሻንጣዋን ግን መሬት አላስቀመጠችም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለአንድ ወር እንግዳ ድመት ብዬ አጥር ላይ የተሰቀለ ዓሣ ሰርቄ እሾህ ለቀምኩ፤ ለገዛ ልጄ ግን መጥበሻዋን ከበር ውጭ አውጥቼባታለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ከተውኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ የሺሀረግ ነበረች ስለ እኔ የምትጠይቅልኝ።

ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። ጓዳ ገብቼ ከመደርደሪያው ላይኛው ጥግ የእናቷን መጥበሻ አወረድኩ። ካምና ወዲህ አልተነካም፤ አቧራውን በሸሚዜ ጠረግሁት። ከዚያ ከፌስታሉ ሌላ ዓሣ፣ ትልቁን፣ መርጬ ነከርኩ።

“ይሄኛው እስኪለሰልስ ይቆያል” አልኳት። “ትጠብቂያለሽ?”

ወሰን ሻንጣዋን አስቀመጠች። ተርባይንን ከየሺሀረግ ወንበር አንሥታ ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“እጠብቃለሁ አባዬ” አለች። የድመቷን ጀርባ እየዳሰሰች፣ “ያ ሁሉ እርጥብ ጣሳ ግን የት ገባ?” ብላ ጠየቀችኝ።

በር ላይ ሦስት ውሾች ጭራቸውን እየቆሉ ቆመው ነበር።