ለግራ እግር የተጻፈ ኢሜይል

ጫማ ሰሪው ጋሽ ቀደዳ ለኢሜይል በየወሩ ይከፍላል። ዓለም በሙሉ በነጻ የሚላላክበትን ነገር እሱ ከኪሱ አውጥቶ ይገዛል ማለት ነው። ታላቅ እህቱ ይህን የሰማች ቀን ሻይዋ ትን ብሏት ሦስት ጎረቤት ጀርባዋን መታ፤ አራተኛው ተራውን ሲጠብቅ ተሻላት።

"አንተ ልጅ፣ ለምትተነፍሰው አየርስ ለማን ነው የምትከፍለው?"

"እሱን ቅናሽ አድርገውልኛል፣ እትዬ።"

እህቱ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ቀልድ አትወድም ማለት ሐሜት ነው፤ መጀመሪያ ተሰልቶ እንዲቀርብላት ነው የምትፈልገው። እሱ ደግሞ ትምህርት ያቆመው አራተኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ ለምን ሲባል "አስተማሪዎቹ ጥያቄ አለቀባቸው" ይላል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። እኔ የሰፋሁት ጫማ ባለቤቱን እንደተኛ ሥራ ቦታ አድርሶ፣ አስፈርሞ መለሰው ብሎ ካወራ ወዲህ ማንም በእናት አባቱ ስም ጠርቶት አያውቅም።

የሚከፍልበት ምክንያት አንድ ነው፤ ለድርጅቱ ሲጽፍ ሰው ይመልስለታል። በመጀመሪያው ወር አንድ ደብዳቤ ጠፋበትና "አይጥ በልቶብኛል፤ ከበላ ወዲህ አይጡ ማንበብ ጀምሯል" ብሎ ለድርጅቱ ጻፈ። ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ። "ደብዳቤዎን ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ መልሼልዎታለሁ። አይጡ መነጽር ያስፈልገው ይሆን?" ከሥሩ "መልስ ሰጪዋ" ይላል እንጂ ስም የለውም። ጋሽ ቀደዳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወሬውን ተቀብሎ የሚያቀብለው ሰው ካገኘ ስንት ዘመኑ! ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለገ ይጽፍላታል፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም።

ጋሽ ቀደዳ የሚሠራው እኩል ላልሆኑ እግሮች ነው። ልካቸውን ደብተር ላይ እንዳይጽፍ ሙጫ ይደፋበታል። ስለዚህ አሮጌው ላፕቶፑ ላይ ለየእግሩ ኢሜይል ይጽፋል። አይልከውም፤ ለማን ይላካል? ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል። "ይድረስ ለግራ እግር። ከቀኝ ወንድምህ በሦስት ሴንቲ ታንሳለህ፤ አትዘን። ተረከዝህ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ትንሿ ጣትህ መነካት አትወድም..." እንዲህ እያለ ሃያ ምናምን ልክ ያሰፍራል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ቆዳ ሊገዛ ወጣ ሲል እህቱ ወደ ሥራ ቤቱ ገባች። የይለፍ ቃሉን እንዳይረሳው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፎታል። ተቀመጠች፤ የሚከፈልበትን ዘጋች፤ በነጻ የሚሰጠውን ከፈተች፤ ደብዳቤዎቹን አዛወረች። ሲመለስ እጇን ስታራግፍ አገኛት።

"ገላገልኩህ፣ ወንድምዓለም! ከዛሬ ጀምሮ ሰባራ ሳንቲም አትከፍልም።"

ጋሽ ቀደዳ ሶል ሊቆርጥ ቢላውን እንደያዘ ረቂቆቹን ፈለገ። ባዶ ነው።

"እትዬ፣ ረቂቆቹስ?"

"የገባውንም የተላከውንም አንድ ሳላስቀር አምጥቼልሃለሁ።"

"ያልተላከውስ?"

"ያልተላከ ደብዳቤ ምን ይሠራል? ያላለቀ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።"

ቢላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከረቂቆቹ አንዱ የአንዲት ነርስ ነበር። ግራ እግሯ በአደጋ ተሰብሮ ሲጠገን አጥሮ ቀርቷል፤ ለመለካት ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ ነበር። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ቆማ መዋል ካልቻለች ከሕሙማኑ ክፍል አውጥተው ካርድ ክፍል ያስቀምጧታል። "ካርድ አክሞ ማዳን አይቻልም፣ ጋሼ" ብላው ነበር ስትሄድ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ጫማው ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ካልተጫነ አይደርስላትም።

እህቱ ይህን ስትሰማ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። "ልኩን በቃልህ አትይዘውም?"

"ሦስት መቶ እግር በቃሌ ብይዝ ኖሮ እንደ አባጨጓሬ ነበር የምሄደው።"

መጀመሪያ ለነጻው ጻፈ። ማሽን ወዲያው መለሰለት፤ "ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ይመልከቱ።" ተመለከተ። ስለ ግራ እግር የጠየቀ ሰው የለም።

የቀረችው መልስ ሰጪዋ ናት። ላቡ ጠብ ጠብ ያለው ግን ያን ጊዜ ነው። ዓመት ሙሉ ሲቀድላት ኖሮ አሁን እውነቱን ምን ብሎ ይጻፍ? "ለእግሮች የጻፍኳቸው ሦስት መቶ ደብዳቤዎች ጠፉብኝ። ከሁሉም የሚያስቸኩለኝ የአንዲት ነርስ ግራ እግር ነው።" አነበበው። በዕድሜው ከቀደዳቸው ሁሉ የባሰ ሆኖ አገኘው።

"እኔ ራሴ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አላምንህም" አለች እህቱ በትከሻው ላይ አጮልቃ።

"ምን ይሻላል ታዲያ?"

"ወዲያ በል።" ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች፤ ከሥሩም ጻፈች። "እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አድራሻውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። እግሮቹ እውነተኛ ናቸው።"

ላኩት። ምሳ ቀርቦ ሁለቱም አልበሉም። ጋሽ ቀደዳ የነበረውን ሚስማር ሁሉ በመጠን ለየ፤ እህቱ መልሳ ቆጠረችው።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ።

"የተዘጋ አድራሻ ሠላሳ ቀን ሳይሞላው አይጠፋም። ከፍቼልዎታለሁ፤ ረቂቆቹ ሁሉም አሉ። አንዱንም አላነበብኩም፤ እግሮቹ የግል ጉዳይ ሊኖራቸው ይችላል። እንዴት እንዳመንኩዎት ልንገርዎ፤ ከጻፉልኝ ሁሉ ያላሳቀኝ ይሄኛው ብቻ ነው። ቶሎ ይሥሩላት።"

ሠራላት። ሐሙስን ከመቀመጫው ሳይነሳ ዋለ፤ እህቱ ከረቂቁ ላይ ልኩን ድምጿን ከፍ አድርጋ እያነበበች፣ "ትንሿ ጣትህ መነካት አትወድም" የሚለው ጋ ስትደርስ እየሳቀች። ዓርብ ጠዋት ጫማው በካርቶን ታሽጎ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ነርሷ ጻፈች። "ጋሼ፣ ቆሜ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሕመምተኛ ነበረኝ። ካርድ ክፍሉ ሌላ ሰው ይፈልግ።"

ጋሽ ቀደዳ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ለመልስ ሰጪዋ ጻፈ። "ነርሷ ቆማ ዋለች። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ይኸው ነው?" አለች እህቱ። "ጫማው ዘፈነ፣ በሽተኛው ሁሉ ተነስቶ ጨፈረ፣ ምናምን አትልም?"

"አልልም።"

"እንግዲያው የእኔንም ምስጋና ጨምርበት።"

"እግዜር ይስጥልን" ብሎ አስተካከለውና ላከው።