ደቻቱ መሃሉ የገባበት መዝሙር

መምህር ቡልቻ የሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ሲያፏጭ ስለተሰማ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሒሳብ ፈተና እያረመ ያፏጭ ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ ኃይለጊዮርጊስ በመስኮት አዩት። በማግስቱ ቢሮ አስጠሩት።

«ፉጨትህ ዜማ አለው» አሉት።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ሁለተኛ አይደገምም።»

«ይደገማል እንጂ» አሉና ከአዲስ አበባ የመጣ የትእዛዝ ደብዳቤ፣ ሰርኩላር፣ ዘረጉለት።

ጊዜው 1955 ዓ.ም. ነው። የሙዚቃ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዲስፋፋ ታስቦ፣ በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአገሩ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ መዝሙር በአንድ ጊዜ እንዲዘምሩ ታዟል። ኦርኬስትራው አዲስ አበባ ሆኖ በሬድዮ ይጫወታል፤ ተማሪው ባለበት ሆኖ ከኦርኬስትራው እኩል ይጀምራል፣ እኩል ይጨርሳል። ግጥሙ ከሰርኩላሩ ጋር ተያይዟል። ዜማውን ሬድዮው በየማክሰኞው ማታ ያሰማል።

ቡልቻ መዝፈን እንደማይችል ለመናገር አፉን ከፈተ፤ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ግን ሌላ ወረቀት ማንበብ ጀምረው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ቡልቻ ከልጅነቱ ጀምሮ ዘምሮ አያውቅም። ወለጋ፣ ትውልድ አገሩ፣ ገና ፊደል ሲቆጥር የመዝሙር አስተማሪው አጠገቡ መጥተው ጥቂት ካዳመጡት በኋላ፣ «አንተ አፍህን ብቻ ክፈት» ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ አፉን ብቻ ሲከፍት ኖረ። በበዓል ቀን አፉን ይከፍታል፤ በሠርግ አፉን ይከፍታል፤ የገዛ እኅቱ ስትዳር እንኳ አጨበጨበና አፉን ከፈተ። ፉጨት ግን ማንም አልከለከለውም።

ስለዚህ መዝሙሩን በፉጨት አስተማረ። እሱ ያፏጫል፣ ተማሪዎቹ ያፏጫሉ፤ ቃሉን በኋላ ይጨምሩበታል። ብዙም ሳይቆይ ከዚራ ውስጥ የማያፏጭ ልጅ ጠፋ። ባለቤታቸው ምድር ባቡር የሚሠሩት ወይዘሮ ዘርፈሽ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ ልጄን ፊደል እንድትቆጥር ነው የላክኋት። እሷ ግን ቤት ውስጥ እያፏጨች እባብ ልትጠራብኝ ነው» አሉ።

«ሲያልቅ ያቆማሉ፣ እትዬ።»

«እባቡስ?»



ግጥሙም ቢሆን ችግር ነበረበት። «በጠዋት ውርጭ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ተነሥ ተማሪ ሆይ ብርሃንህ መጣ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ውርጭ ምንድን ነው?» ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከየት ያውቀዋል። ቡልቻ በረዶ ከሚሸጥበት ቤት አንድ ግግር በጆንያ ጠቅልሎ አመጣና፣ ከዚህ የቀጠነ፣ ሣር ላይ የሚጋገር ነገር ነው ብሎ ከፊት ጀምሮ እጅ በእጅ አሳለፈው። ከፊት ያሉት አዩ፣ ነኩ፣ ላሱ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የደረሰው እርጥብ ጆንያ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ውርጭ ማለት እርጥብ ጆንያ መሆኑን ተረድተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ዜማውን በደንብ ለመያዝ ቡልቻ በየማክሰኞው ማታ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ይሄድ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰውም አህያም ግመልም መሃል ለመሃል ይሄድበታል። ማዶ፣ ገበያው አጠገብ፣ ጨርቅ ነጋዴው ዒጋል በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትልቅ ሬድዮ አለው። ሱቁ በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ የሶማሊኛ ዜና ይሰማል። ዒጋል ለቡልቻ ሲል ጣቢያ በቀየረ ቁጥር የተኮለኮለው ሰው ሁሉ ዞሮ ቡልቻን ያያል።

አንድ ማክሰኞ የዒጋል እኅት ፋርሒያ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ታጥፍ ነበር። መጋላ ውስጥ፣ ሰፈሩ አዋጥቶ ባቆመው ትንሽ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። መዝሙሩ አልቆ ዒጋል ጣቢያውን ሲመልስ፣ እሷ ከእጥፋቷ ቀና ሳትል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘመረችው። የተኮለኮለው ሰው ዜናውን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

ቡልቻ ደነገጠ። «እርስዎ አንዴ ሰምተው እንዴት ያዙት?»

«አቦ፣ ‹እርስዎ› የምትለው ማንን ነው?» አለች ፋርሒያ። «እዚህ ሱቅ ውስጥ እኔና ዒጋል ብቻ ነን።»

ቡልቻ ወደ ድሬዳዋ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ መጋላ ውስጥ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ መባባሉን ገና አልለመደም ነበር። «አንቺ» ለማለት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ፉጨቱን፣ እባቡን፣ ጆንያውን። ልጆቹን እንድታስተምርለትም ለመናት።

«እሺ። ግን የኔም ልጆች ይዘምራሉ።»

«ሰርኩላሩ የመጣው ለእኛ ትምህርት ቤት ነው።»

«ለማን ነው ያልከኝ? ይዘህልኝ ና፣ ካልሆነም እኔ እመጣለሁ።»

በማግስቱ መጣች። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቢሮ በር ላይ ቆማ፣ «ዳይሬክተሩ አንተ ነህ?» አለቻቸው።

አቶ ኃይለጊዮርጊስን እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አንተ ያላቸው ሰው አልነበረም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ነኝ» አሉ።

«ወረቀቱ ላይ ትምህርት ቤቶች ‹ሁሉ› ይላል?»

«ይላል።»

«መጋላ ከ‹ሁሉ› ውጭ ነው እንዴ?»

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሰርኩላሩን አውጥተው እንደገና አነበቡት። ረዘም ያለ ጊዜ አነበቡት፤ አጭር ሰርኩላር ነበር። በመጨረሻ፣ «የመዝሙሩ ቅዳሜ በሰዓቱ ተገኙ» አሉ።

ፋርሒያ ማስተማር ስትጀምር ፉጨቱ ቀረ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽም እፎይ አሉ። በፉጨቱ ፋንታ ጭብጨባ መጣ። ልጆቹ እያጨበጨቡ ሲዘምሩ መዝሙሩ ፈጠነ፤ ማክሰኞ በሬድዮ ከሚሰማው በጣም ፈጠነ። ቡልቻ ኦርኬስትራው ቀስ እንደሚል አስጠነቀቃት።

«ኦርኬስትራው ሙቀት አያውቅም» አለች። «እዚህ ያንን ያህል ጊዜ ፀሐይ ላይ ማን ይቆማል?»

ቦታው በከዚራ በኩል ያለው፣ ደቻቱ ዳር ያለ ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ። ዒጋል ሬድዮውን ሊያውስ ተስማማ፤ ግን ሬድዮው ከሰው ቤት አያድርም አለ። «ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ይዤው እመጣለሁ። የሚነካውም የለም፣ እኔው ነኝ የምነካው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። የከዚራ ልጆች በነጭ ሸሚዝ ተሰለፉ። ወላጆች መጡ። የአውራጃው ተወካይ ጃንጥላ ተይዞላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማዶ ደግሞ ፋርሒያ የመጋላን ልጆች አስከትላ፣ ከኋላዋ ዒጋል ሬድዮውን ጋሪ ላይ ጭኖ በብርድ ልብስ ሸፍኖት፣ ወደ መሻገሪያው ሲወርዱ ይታያል። ቸኩለው የቀደሙ ጥቂት ሴቶች ልጆች አሸዋው መሃል ደርሰው ነበር።

ሌሊቱን በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የዘነበውን ዝናብ ከተማው ውስጥ የሰማ አልነበረም። ፋርሒያ ግን ድምፁን ሰማች፤ ከላይ በኩል፣ የጭነት ባቡር የሚመጣ የመሰለ፣ ሐዲዱ ግን በዚያ በኩል የሌለ። ጮኸች። መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ቀጥላ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ «ተመለሱ!» አለች። ቡልቻ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ ልጆች ሳያዩ ዞሩ፣ ሮጡ። አንዷ ወደቀች። ፋርሒያ ወርዳ በክንዷ ጎትታ አወጣቻት። ሁለቱ ተያይዘው ዳር ላይ ሲወጡ ቡናማው ውሃ ከነበሩበት ቦታ ላይ አለፈ። ግንድ ይዞ፣ ቆርቆሮ ይዞ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አልጋ ይዞ አለፈ።

ቡልቻ ማዶ ፋርሒያ ልጆቹን ራሳቸውን እየነካች ስትቆጥር አያት፤ ቆጥራ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ እጇን አወዛወዘችለት። ሁሉም አሉ።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ፊታቸው ነጥቷል። «ሬድዮው የት ነው?» አሉ።

«ከማዶ ነው ጌታዬ።»

«ውሃው መቼ ይጎድላል?»

አጠገባቸው የቆሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ «ሲጨርስ» አሉ።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ቡልቻ ውሃው ዳር ሄዶ ተጣራ፤ ድምፁን ውሃው ዋጠው። ፋርሒያ እጇን አፏ ላይ እንደ ቀንድ አድርጋ መለሰች። የእሷ ደረሰ።

«ሻርፔን ሳነሳ ጀምሩ!»

ማዶ ዒጋል ብርድ ልብሱን ገልጦ ጆሮውን ሬድዮው ላይ ለጠፈ። የመጋላ ልጆች ተሰለፉ፤ የወደቀችው ልጅ ጭቃ እንደለበሰች ከፊት ቆመች። ቡልቻ ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ባለ በሌለ ትንፋሹ የመዝሙሩን መነሻ አፏጨ፤ ለወዲህም ለወዲያም እንዲደርስ። ሁለቱም ዳር ጸጥ አለ። ዒጋል እጁን አነሳ። ቢጫው ሻርፕ ወደ ላይ ወጣ።

ጀመሩ። ከማዶ የልጆቹ አፍ ሲከፈት ይታያል፤ ድምፁ ግን ውሃውን አቋርጦ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ቡልቻ እጁን እያወናጨፈ ይመራል። ገና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ታወቀው፤ አፉን መክፈት ብቻ ሳይሆን እየዘመረ ነው። ውርጭ የሚለውን ቃል በገዛ ድምፁ ሲል ራሱን ሰማ። ማቆም ይችል ነበር፣ አላቆመም። አጠገቡ የነበሩት ወይዘሮ ዘርፈሽ ዞረው አዩት፤ ትንሽ ፈቀቅ አሉና የራሳቸውን መዝሙር ቀጠሉ።

ጨረሱ። ወላጆች አጨበጨቡ። የአውራጃው ተወካይ ከወንበራቸው ተነሡ። ማዶ ግን ዒጋል ሁለት እጁን እያራገበ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ኃይለጊዮርጊስ።

«አዲስ አበባ ገና አልጨረሰም ነው የሚለው።»

«እኛስ?»

«እኛ ጨርሰናል፣ ጌታዬ።»

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሰዓታቸውን አዩ፣ ውሃውን አዩ። «አገር እየዘመረ እኛ ዝም ብለን አንቆምም። ይድገሙት» አሉ።

ደገሙት። ተወካዩ ተቀመጡ። መሃል ላይ ሲደርሱ አዲስ አበባ ጨረሰና ዒጋል ሬድዮውን አጠፋ፤ ግን ማንም አላቆመም። ውሃው አግዷቸው በሁለቱም ዳር የቆሙት ባለጋሪዎች፣ ወተት የጫኑ ሴቶች፣ ከሐርላ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። ግጥሙን የማያውቀው ጭብጨባውን ያውቃል። ስንት ጊዜ እንደተዘመረ በኋላ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ጎደለ። ለእንግዶቹ የተዘጋጀ ዳቦና ለስላሳ ስለነበር የመጋላ ልጆች ጭቃውን እየረገጡ ተሻገሩ። ፋርሒያ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። ቡልቻ ለስላሳ ሰጣት።

«ልጆቹን አተረፍሽ» አላት። ድምፁ ሻክሯል።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ዘመርኩ።»

«አልሰማሁህም።»

«ውሃው ነበረ።»

«እስቲ አሁን አሰማኝ።»

ቡልቻ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘመረላት። ፋርሒያ ሳትስቅ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«መጥፎ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ግን ፈሪ ድምፅ አይደለም። ያንን ማንም ሊያስተምርህ አይችልም፤ የቀረውን እሞክራለሁ።»

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ለአዲስ አበባ ባቀረቡት ሪፖርት መዝሙሩ በሰዓቱ እንደተጀመረና ከሚጠበቀው በላይ እንደተዘመረ ገለጹ። በመስከረም ከዚራ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ተከፈተ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የመጋላም ልጆች ተሻግረው እየመጡ። አስተማሪዋ ፋርሒያ ሆነች። ቡልቻ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ፤ ረቡዕ ረቡዕ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ይሰለፋል።

ፋርሒያ የመጀመሪያውን ትምህርት የጀመረችው በሶማሊኛ ዘፈን ነበር። አቶ ኃይለጊዮርጊስ በር ላይ ቆመው እስኪያልቅ ሰሙና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

«ግመል ሲጠጣ የሚዘፈንለት ነው» አለቻቸው። «አንተም ትማራለህ?»

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ወንበር እንዲያመጡላቸው ዘበኛውን ላኩ።