አንሶላ ክፍል ውስጥ የተደበቅሁ ቀን

ተማሪዎቹ «ፊሽካ» ይሉኝ ነበር። ምክትል ዳይሬክተር ሆኜ በሠራሁባቸው አሥራ አራት ዓመታት፣ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አርፋጅ የምለቅመው እኔ ነበርኩ። ተማሪም ይሁን መምህር፣ ለማንም ፊት አልሰጥም።

ያን ሥራ የተውኩት አባቴን አስታምሜ ከቀበርኩ በኋላ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ገላውን ሳጥበው፣ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ቢሮዬ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አግኝቼው የማላውቀው ሰላም ይሰማኝ ነበር። ጸለይኩበት፤ ልቤ አልመለስ አለ። መልቀቂያ አስገባሁና አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በአስታማሚነት የሙከራ ሥራ ጀመርኩ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ጥፋቴ የጀመረው እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ ስመሰክር ነው። «ጌታ ውጪ ብሎኛል፣ ወጥቻለሁ!» ስል እልልታው ጣሪያ ሊነቅል ደረሰ። ወዴት እንደወጣሁ ግን አልተናገርኩም። «አገልግሎት ነው» ብዬ አድበስብሼ አለፍኩት። ሰዉ የመሰለው አንድ ትልቅ ድርጅት ልመራ የሄድኩ ነው። እኔም ይምሰላቸው ብዬ ዝም አልኩ።

«ባልዲውንና መወልወያውን ረሳሻቸው» አለኝ ባለቤቴ ወደ ቤት ስንመለስ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አለቃዬ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነርስ ነች። አንሶላ አነጣጠፌን አይታ «እንደገና» ትለኛለች፤ አነሳና እንደገና አነጥፋለሁ። የደንብ ልብሴን ጎረቤት እንዳያየው በቦርሳ ይዤ እሄድና እዚያ ደርሼ እቀይራለሁ። በሙከራው መጨረሻ ይቅጠሩኝ አይቅጠሩኝ የማውቀው ነገር የለም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ከአንድ ቀን በፊት የገቡ እናት ተሰጡኝ። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ሲናገሩም ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣላቸው። ወንበር ላይ አስቀምጬ ልብሳቸውን አወለቅሁ፤ ጀርባቸውን አጠብኩ። ፎጣውን ላለብሳቸው ሳነሳ ኮሪደሩ ላይ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«እናቴ ተነስታለች?»

ትምህርት ቤታችን የነበረችው የሒሳብ መምህርት ናት።

ያኔ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። «መጣሁ እማማ» አልኩና ፎጣውን በእጄ እንደያዝኩ አጠገባችን ያለው የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሳቸውን በእርጥብ ገላቸው፣ ራቁታቸውን ትቼ።

«ውይ እማዬ! ማነው እንዲህ አድርጎ ትቶሽ የሄደው? ሰውነትሽ በረዶ ሆኗል እኮ!»

እማማ ቃል ፈለጉ። «ትመጣለች» አሉ። «ደግ ልጅ ናት።»

እኔ በተደራረበ አንሶላ መሃል ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ ሰውረኝ» እያልኩ እጸልያለሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በድፍረት የጠራሁትን ስም፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ክፍል ውስጥ እንዲደብቀኝ እለማመንበታለሁ! ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ይህቺ መምህርት በተደጋጋሚ አርፍዳ «እናቴን አጥቤ፣ አልብሼ ነው የምመጣው» ስትለኝ፣ «ሁላችንም እናት አለን» ብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ወጣሁ።

«ራቁታቸውን ትቻቸው የሄድኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

የእናቷን የቀሚስ ቁልፍ እየቆለፈች ቀና አለች። ቶሎ አላወቀችኝም። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ድምፅሽን ሰምቼ ነው የተደበቅሁት። በዚህ ልብስ እንዳታዪኝ።»

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴን ማጠብ ይህን ያህል ያሳፍራል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይቅር በዪኝ» አልኩ፤ «ያንን ደብዳቤም...»

«ደብዳቤውን ይተዉት። እሷን ይቅርታ ይጠይቁ።»

ፊታቸው ተንበርክኬ እማማን ይቅርታ ጠየቅሁ። ደህና የሆነው እጃቸው ጭንቅላቴን ፈልጎ አገኘው። ልጃቸው ስታየን ቆየችና «እግሯ ገና ነው» ብላ ውሃውን ገፋ አደረገችልኝ። አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ለነርሷ ነገርኳት። ሳትቆጣ መዘገበችው፤ የሙከራ ጊዜዬንም በሦስት ወር አራዘመችው። እሑድ ደግሞ መጋቢውን አስፈቅጄ ጉባኤ ፊት ቆምኩ። የምሠራው ምን እንደሆነ፣ ረቡዕ ምን እንዳደረግሁም ተናገርኩ። እልልታ የለም። አንዳንዱ አቀረቀረ፤ አንዷ የልጅነት ጓደኛዬ ሰላም ሳትለኝ ወጣች። ወርጄ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ባይቀጥሩሽስ?» አለኝ መንገድ ላይ።

በፊት ቢሆን ስብከት እጀምርለት ነበር። «አላውቅም» አልኩት። «ፈርቻለሁ። ያም ሆኖ በጌታ እተማመናለሁ።»

ባለቤቴ ቀልድ አልጨመረበትም። እጄን ያዘኝ፤ ወደ ቤት ሄድን።