አንድ የቢጎኒያ ቅጠል

1.

በሰበሰች።

2.

አሟሟቷ እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ውሃ ይቀዳለታል፤ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ይተዋል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የተረፈ መድፋት ነውር ነው። ስለዚህ ለቀስተኛው ሁሉ ሲወጣ ብርጭቆውን ደጃፍ ላይ ባለችው ቢጎኒያ ላይ እያንቆረቆረ ሄደ፤ ጽድቅ የሠራ መስሎት። ቢጎኒያዋ ያለችው ሥሩ ባልተበሳ የቀለም ባልዲ ነው። ሟቿ በሲኒ እየለካች ነበር የምታጠጣት።

3.

ከዚያ በፊት፣ በሠልስቱ፣ የሟቿ ታናሽ ልጅ ትርሲት ምላጭ ይዛ ባልዲው ላይ ጎንበስ አለች። ታላቋ ዘነበች አየቻት።

ዘነበች፦ ምን ትቆርጫለሽ?

ትርሲት፦ አንድ ቅጠል ነው እትዬ፤ ላራባው ብዬ።

ዘነበች፦ የእማዬ አፈር ሳይደርቅ ልትካፈዪ መጣሽ? ስትታመም የት ነበርሽ?

አንዲት ጎረቤት፦ ኧረ ተዉ! ለቅሶ ቤት እኮ ነው!

ዘነበች፦ ውጪልኝ። ሌባ!

ትርሲት ቅጠሉን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ አዳማ ተመለሰች።

4.

ይህን ቁጥር አራት ዘነበች ብታገኘው ትሰርዘው ነበር።

ሐኪሙ ስለ እናቷ «ብዙ አይቆዩም» ባላት ዕለት ለትርሲት ደውላ «ጉንፋን ነው፤ ልጆችሽን ጥለሽ እንዳትመጪ» አለቻት። ክፉ አስባ አይደለም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ተድበስብሶ ነው የሚነገረው። ትርሲት የደረሰችው ለቀብር ነው።

5.

ቢጎኒያ ለማራባት፦

ጤነኛ ቅጠል ቁረጡ። በጀርባው ያሉትን ጅማቶች በምላጭ ጫር ጫር አድርጉ። እርጥብ አሸዋ ላይ አስተኙት። ፌስታል አልብሱት። ውሃ አታብዙ። ከቆረጣችሁት ላይ አዲስ ይበቅላል።

ጤነኛ ቅጠል ከሌላችሁ፣ ያለው ሰው ጋ ሄዳችሁ ለምኑ።

6.

ዘነበች ሦስት ቅጠል ሞከረች። ሦስቱም ጠቆሩ። በቀብሩ ዕለት ያልወጣላት ልቅሶ ያኔ ወጣላት።

በአርባው ትርሲት አልመጣችም። «እህትሽስ?» ሲሏት «ልጇን አሟት ነው» አለች። መዋሸት ለምዳለች።

7.

ዘነበች እስከ አዳማ ድረስ አውቶብስ ውስጥ «አንድ ቅጠል ስጪኝ» ማለትን ስትለማመድ ሄደች።

ትርሲት በሩን ከፈተች። ከኋላዋ፣ መስኮቱ ሥር፣ ፌስታል ውስጥ ጥፍር የሚያካክሉ ቅጠሎች በቅለዋል። ዘነበች ስታያቸው የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት።

«ስደውልልሽ ጉንፋን እንዳልነበረ አውቅ ነበር» አለች።

8.

ትርሲት፦ ግቢ እትዬ። አንዱን ትወስጃለሽ፤ ውሃ ግን አታብዢበት።